ባሱን በፍሪዌይ መግቢያ

ወንጌላዊት ፊልም የምታየው ዓይኗን ጨፍና ነው። በተጋቡ ሰሞን ባሏ ሚክያስ እንቅልፍ የወሰዳት እየመሰለው ብርድ ልብስ ያለብሳት ነበር። ኋላ ላይ ነገሩ ገባው። ሳን ሆዜ ባለው አፓርታማቸው፣ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ጆሮዋን ብቻ አቁማ የምታሳድደው ታሪኩን ሳይሆን ሙዚቃውን የደረሰውን ሰው ነበር፤ ይህ ሰው ከኦርኬስትራ መሣሪያዎች ሁሉ የትኛውን አብልጦ እንደሚወድ ለማወቅ።

«እያንዳንዳቸው አንድ የሚሳሱለት አላቸው» ትላለች። አንዱ ጀግናው ኮረብታ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ፍሬንች ሆርን ካላስነፋ አይሆንለትም። ሌላው ሰው በሞተ ቁጥር ቼሎ ይጠራል፤ ሰው ባይሞትም ዝናብ ከዘነበ ይጠራል። ሦስተኛው ለፍቅረኞች ኦቦ ይሰጣቸዋል፤ ሲጣሉም አይነጥቃቸውም። ፊልሙ አልቆ ስሞች መውረድ ሲጀምሩ ዓይኗን ትገልጥና ግምቷን ታረጋግጣለች። ከተሳሳተች ጥፋቱ የእሷ አይደለም። «በጀት ቀንሰውበት ነው እንጂ እሱ እንዲህ አያደርግም» ብላ ታልፋለች።

የእሷ ባሱን ነው። ባሱን ተጫዋቹ ተቀምጦ አቅፎ የሚይዘው፣ ከጎኑ በምትወጣ ቀጭን የብረት ቱቦ የሚነፋው፣ ጫፉ ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ የሚያልፍ ረጅም የእንጨት መሣሪያ ነው። ኦርኬስትራው መሃል ስለሚቀመጥ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ነገር ግን ወፍራም ሰው ሲጨፍር አንዳንዴ እንደሚታየው ያልተጠበቀ ቅልጥፍና አለው። ወንጌላዊት መጀመሪያ የሰማችው አሜሪካ በገባች ሰሞን፣ ኦክላንድ ውስጥ በሞግዚትነት የሰው ልጅ ስትጠብቅ ነው። ልጁ ተኝቶ ቴሌቪዥኑ ክፍት ነበር፤ አንድ ሽማግሌ የጠፋበትን ጫማ ይፈልጋል። ከሰውዬው ኋላ ኋላ የሚሄደው ድምፅ ይሳቅበት ወይስ ይዘንለት ያልወሰነ ነበር። ስሙን የሚነግራት አላገኘችም። ለረጅም ጊዜ የሳክስፎን ዘመድ ይመስላት ነበር። በመጨረሻ ያገኘችው የቤተ ክርስቲያኑን ኪቦርድ ድምፆች ተራ በተራ ስትነካካ፣ በኦቦና በክላርኔት መካከል ነው።

አግኝታም ዝም አላለች። አንድ እሑድ፣ በጸሎት ሰዓት፣ ፒያኖውን ወደ ባሱን ቀየረችው። ጉባኤው ሲያልቅ አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ወደ መድረኩ ቀረቡ።

«እህት ወንጌላዊት፣ ዛሬ መሃል ላይ የገባው ድምፅ ምን ነበር?»

«ባሱን ይባላል።»

«ተባረኪ። ፍየል የገባ መስሎኝ ዓይኔን ገልጬ ነበር።»

በሚቀጥለው እሑድ ወደ ፒያኖዋ ተመለሰች።

እንጀራዋ ሌላ ነው። ፓሎ አልቶ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ቀጠሮ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስልክ ታነሣለች፤ ቀጠሮ ትሰጣለች፣ ታዘዋውራለች፣ የተቆጣ ታበርዳለች። ከሥራ ስትወጣ ጆሮዋ ደክሞት ይሆናል ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል። እሑድና ረቡዕ ያው ጆሮ ለቤተ ክርስቲያን ይፈለጋል።

እንደነሱ ባለ የአማርኛ ጉባኤ የኪቦርድ ተጫዋች ትልቁ ሥራ መዝሙሩ አይደለም። ሰባኪው ሲጸልይ ከስሩ መጫወት ነው። ድምፁን ሲያለሰልስ ማለስለስ፣ ሲያነሣ ማንሣት፣ ሊያበቃ ሲል ደግሞ ከእሱ ቀድሞ አውቆ ማረፊያ ማዘጋጀት። ሕዝቡ ሙዚቃውን ልብ ካለው ተጫዋቹ ተሳስቷል ማለት ነው። ወንጌላዊት በዚህ ሥራ ኖራበታለች፤ ሕዝቡም ልብ ብሏት አያውቅም፤ ከፍየሉ ቀን በቀር።

ደግሞም ዘማሪ ከየትም ይነሣል፤ ከየትኛው ድምፅ ልጀምር ብሎ ኪቦርድ ተጫዋች አያማክርም። ስለዚህ እንደ ሙያ ጓደኞቿ ሁሉ ጣቶቿን ያስለመደችው በአንድ ሰፈር ብቻ ነው። ዘማሪው ሲጀምር ድምፁን በአንድ ጣት ትፈልግና ትራንስፖዝ የምትባለውን ቁልፍ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ትጫናለች። ጣቶቿ ከሰፈራቸው ሳይወጡ ድምፁ ዘማሪው ወዳለበት ይሄድላታል። የሰባኪው ጸሎት እየጋለ ድምፁ ሲወጣ አንድ ትጨምራለች፤ እሱ ሲብስበት እሷም ትደግማለች። ሕዝቡ እልል ይላል። የግራ እጇን አመልካች ጣት የሚያይ የለም፤ እሷም ራሷ አታየውም። እንደ መተንፈስ ሆኖባታል።

ህዝቅያስ ወደ ቤታቸው የመጣው ማይክራፎን ሊዋስ ነው። ኦክላንድ ያደገ፣ በሥራ ቀን ቢሮ የሚውል፣ ቅዳሜና እሑድ ፊልም የሚሠራ ወጣት ነው። ሚክያስ የቤተ ክርስቲያኑ የድምፅ ባለሙያ ስለሆነ ማይክራፎን የቸገረው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ህዝቅያስ ዕቃውን ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ ሚክያስ አላስችል አለው።

«ሙዚቃ ሳትይዝ ልትሄድ ነው?»

«የምን ሙዚቃ?»

«ሚስቴ የሰው ፊልም ድምፁን ትዘጋና የራሷን ትጫወትበታለች። ያንተን ብትሰጣት ቢያንስ ስርቆት አይሆንም።»

«ሚኪ» አለች ወንጌላዊት ከወጥ ቤት። ዝም በል ማለቷ ነበር፤ አልጠቀማትም። ህዝቅያስ ማይክራፎኖቹን መሬት አስቀመጠ።

ፊልሙ ልብ ወለድ ነው፤ ዋናው ተዋናይ ግን ራሱን ነው የሚጫወተው። አቶ ሰረቀብርሃን፣ ወይም ሁሉም እንደሚላቸው ጋሼ ሰረቀ፣ ከኦክላንድ ሐበሻ ግማሹን መኪና ያስተማሩ ሰው ናቸው። ወንጌላዊትንም መንጃ ፈቃድ ያስያዟት እሳቸው ናቸው። ከረባት ሳያስሩ መኪና ውስጥ አይገቡም። ተማሪን አይቆጡም። የሚታወቁት በማንጎራጎራቸው ነው፤ ተማሪው መሪውን ጨብጦ ሲንቀሳቀስ አፋቸውን ገጥመው፣ ቃል በሌለው ዜማ፣ በቀስታ ያንጎራጉራሉ። በፊልሙ ውስጥ ተማሪያቸው መንጃ ፈቃድ ካወጣች የቆየች፣ ግን ፍሪዌይ የሚባለውን ፈጣን አውራ ጎዳና ፈርታ ከሳን ፓብሎ እስከ ፍሩትቬል በውስጥ ለውስጥ መንገድ ብቻ የምትሄድ ሴት ናት። የፊልሙ ፍጻሜ ፍሪዌዩ ውስጥ የምትገባባት ቅጽበት ናት። ጋሼ ሰረቀ ከጎኗ ተቀምጠው ያንጎራጉራሉ፤ መኪናዋ መግቢያውን ይዛ እየፈጠነች ትወጣለች፣ ትገባለች፤ አለቀ።

«የአንቺ ሙዚቃ ከጋሼ ድምፅ ስር እንዲገባልኝ ነው የምፈልገው» አላት ህዝቅያስ። «ኪቦርዱ ይበቃል፤ ሌላ ኤክስፔንስ የለም።»

«ባሱን እፈልጋለሁ» አለች ወንጌላዊት።

«ኪቦርዱ ላይ የለም?»

«ሰው የሚነፋው።»

ህዝቅያስ ሚክያስን አየው። ሚክያስ ጣራውን አየ።

የሚነፋው ሰው ተገኘ። ፍራኦል ይባላል፤ ሳን ፓብሎ ነው ያደገው፣ አሁን ፋርማሲስት ነው። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤቱ መሣሪያ ሲያከፋፍል ጉንፋን ይዞት ቀረ፤ ሲመለስ መለከቱም ከበሮውም ተወስዶ ማንም ያልፈለገው ባሱን ብቻ ቀርቶ ነበር። እናቱ መጀመሪያ ዕቃውን ሲያዩ የቤት ቧንቧ ጥገና የተሰጠው መስሏቸው ነበር አሉ። ፍራኦል ግን ከዚያ ወዲያ ከእጁ አላወጣውም፤ ኦክላንድ ውስጥ ባለ አንድ የአማተሮች ኦርኬስትራ ይጫወታል። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ የሚጫወቱ አሜሪካውያን ጓደኞቹንም ለምኖ አመጣ። ጥሩ ምሳ ከተበላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሊቀመጡ ተስማሙ።

ወንጌላዊት ሁለት ወር ጻፈች። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ የጋሼ ሰረቀን ማንጎራጎር እየሰማች፣ ኪቦርዷን ከኮምፒውተሩ ጋር አያይዛ ትጫወታለች፤ የነካችውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ኖታ አድርጎ ይጽፍላታል። ለፍሪዌዩ ትዕይንት የጻፈችው ከሁሉ የሚበልጠው ነበር። ጋሼ ድምፃቸውን እያነሡ በሄዱ ቁጥር ቫዮሊኖቹ ክንፋቸውን እየዘረጉ ይከተሏቸዋል፤ ባሱኑ ከታች ምድር ይዞ ይቆያል። ከኪቦርዱ የቀዳችውን ስትልክለት ህዝቅያስ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር ጻፈላት፤ ሁሉም ደህና ቃል ነበር።

ቀጠሮው ፍሩትቬል፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለች የዳንስ ማስተማሪያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ኪራዩ ርካሽ የሆነው ባቡር ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ስለሚያጉረመርም ነው። ሚክያስ ማይክራፎኖቹን ተከለ። ህዝቅያስ ትልቅ ስክሪን አቆመ። ጋሼ ሰረቀ ማንም ሳይጠራቸው ከረባታቸውን አስረው መጡ።

«እስቲ ለእኔ ብላችሁ የተሰበሰባችሁትን ልያችሁ ብዬ ነው» አሉ፤ ወንበር ሳቡ። «ወንጌላዊት፣ እናንተ ጴንጤዎች ፒያኖ ካልተመታ እግዜር አይሰማችሁም ይባላል። አሁን ደግሞ የእኔን ማንጎራጎር ልታጅቢ ነው?»

«እናንተስ ከበሮ አላችሁ አይደል ጋሼ?»

«ከበሮ የሚመታው እኛው እንድንነቃ ነው። እሱማ ተኝቶ አያውቅም።»

ሥራው ተጀመረ። ወንጌላዊት የጻፈችው ሙዚቃ በሰው ትንፋሽና በሰው ክንድ ሲጫወት በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። ፊልሙ በሚቀጥለው ሳምንት ለሕዝብ ይታያል፤ አምስቱ ሰዎች አንድ ላይ የሚገኙበት ሌላ ቀን የለም። ከዛሬ የሚገኘው ተገኘ፤ ያልተገኘው ኪቦርድ ሆኖ ይቀራል። ይህን እያሰበች እጆቿን በብብቷ ሥር ደብቃ ግድግዳው ጋ ቆመች።

የመጀመሪያው ትዕይንት ጋሼ ሰረቀ ጠዋት መኪናቸውን ሲወለውሉ ነው። ፍራኦል ባሱኑን አቀፈ፣ ትንፋሽ ወሰደ፣ ነፋ። ወንጌላዊት ጮክ ብላ ሳቀች። ልትስቅ አላሰበችም፤ ደስታው ቀድሞ ወጣ።

«ወንጌ» አለ ሚክያስ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው አንሥቶ፣ «ሳቅሽ ተቀድቷል። ለፊልሙ ይሁን ወይስ ይውጣ?»

እንደገና ተቀዳ። እንጨት ውስጥ የሚያልፍ የሰው ትንፋሽ ኪቦርዱ ከሚያወጣው ድምፅ ጋር ስሙ እንጂ ሌላው አይገናኝም። ጫፍና ጥግ አለው፤ መነሻው ላይ ትንሽ ያመነታል፣ ካመነታ በኋላ ያምናል። ሁለተኛው ትዕይንት ተቀዳ፤ ሦስተኛውም። ቫዮሊኖቹ ኖታዎቿን ወደዋቸዋል፤ ቼሎ ተጫዋቿ ሴትዮ ለፍራኦል አንድ ነገር ብላ ፍራኦል «ሺ ላይክስ ኢት፤ በጣም» ብሎ ተረጎመ። ወንጌላዊት እጆቿን ከብብቷ አወጣች።

ከዚያ ወደ ፍሪዌዩ መጡ። እስካሁን በነበሩት ትዕይንቶች ከሙዚቃው ጋር የሰው ድምፅ አልነበረም። አሁን ሁሉም ማዳመጫ አደረጉ፤ የጋሼ ሰረቀ ማንጎራጎር ተለቀቀ፤ አምስቱ ተጫዋቾች ገቡ።

ስድስተኛው ሰው የሚናገረውን ያልሰሙ አምስት ሰዎች አንድ ላይ እንደሚያወሩት ሆነ። ቫዮሊኖቹ አንድ ቦታ፣ ጋሼ ሌላ ቦታ። ተጫዋቾቹ ቆሙ፣ ኖታቸውን አዩ፣ መሣሪያቸውን ቃኙ፣ ደገሙት። ባሰ። ጋሼ እየወጡ ሲሄዱ ቫዮሊኖቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም፤ በመሃላቸው ያለው ርቀት ግን እየሰፋ ሄደ።

ወንጌላዊት የግራ እጇን አመልካች ጣት አየች።

«ቁልፏ ናት» አለች ለሚክያስ።

ሚክያስ ወዲያው ገባው። ማዳመጫውን አውልቆ አንገቱ ላይ አደረገ።

ለሌሎቹ ማስረዳት ነበረባት። ትራንስፖዟ ስትጫን ድምፁን የሚያነሣው ኪቦርዱ ራሱ ነው፤ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ግን የጣቶቿ ወሬ ብቻ ነው። እሷ በማዳመጫ የሰማችው ትክክለኛውን ድምፅ ነበር። ኮምፒውተሩ የጻፈው ጣቶቿ የነበሩበትን ሰፈር ነው፤ ያንኑ የለመዱትን።

«ዌይት» አለ ፍራኦል። «ሶ ወረቀቱ ጣትሽ ያለበት ነው? ሳውንዱ ያለበት አይደለም?»

«አዎ።»

«ኮምፒውተሩ ላይ ኦል ቱጌዘር ከፍ አይደረግም?» አለ ህዝቅያስ።

«አንዴ ብቻ ተጭኜ ቢሆን አሁኑኑ አደርገው ነበር። ጋሼ እየወጡ ነው የሚሄዱት፤ እኔም መሃል መሃል ላይ እየተጫንኩ ነው የተከተልኳቸው፤ እንደ ሰባኪ። የት የት ላይ እንደተጫንኩ ጣቴ ነው የሚያውቀው። ተቀምጬ እንደ አዲስ መጻፍ አለብኝ።»

ህዝቅያስ ሰዓቱን አየ። ክፉ ልጅ አይደለም። «ኢትስ ኦኬ ወንጌዬ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ሌሎቹ በሙሉ ሪል ሆነውልናል። ለዚህኛው የላክሽልኝን የኪቦርድ ቅጂ እናስገባለን። ማንም አያውቅም።»

ማንም እንደማያውቅ እሷም ታውቃለች። የፊልሙ ልብ ግን ይቺ ትዕይንት ናት፤ ባሱን የጠየቀችው ለዚህች ነው።

«ቆይ» አለ ሚክያስ። «ጋሼ እዚሁ አሉ አይደል? የሚያንጎራጉሩት አፋቸውን ገጥመው ነው፤ ከንፈር አይንቀሳቀስም። ኖታው ያለበት ሆነው እንደገና ያንጎራጉሩልን፤ ከምስሉ ጋር ይገጥማል።»

አዳራሹ ቀለል አለው። ጋሼ ሰረቀ ከረባታቸውን አስተካክለው ማይክራፎን ፊት ቀረቡ። ቼሎዋ መነሻ ድምፅ ሰጠቻቸው። ስክሪኑ ላይ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች፤ እሳቸውም ጀመሩ። ዜማው ያው ነው፤ ድምፁም ያው ነው፤ ነገር ግን ዜና እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብለው፣ ሳይወጡ ሳይወርዱ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘለቁት።

«ጋሼ፣ እንደዚያን ቀን ያድርጉት» አለ ህዝቅያስ።

ደገሙት። የባሰ ረጋ።

«እንደዚያን ቀን አይመጣልኝም» አሉ።

«ለምን?»

«እዚህ ምን ያስፈራኛል?»

ጋሼ ሰረቀ ዙሪያቸውን አዩና ነገሩን ለልጆች እንደሚያስረዳ ሰው አብራሩት።

«እኔ የማንጎራጉረው ስፈራ ነው። በሠለጠነ ሰው ደንብ ተማሪ ላይ አይጮህም፤ መሪውም ያለው በእሱ እጅ ነው፤ ታዲያ ፍርሃቴን የት ላድርሰው? በአፍንጫዬ አወጣዋለሁ። ፍሪዌይ ሲሆን ትንሽ ይበዛል።»

«እኛን ለማረጋጋት አልነበረም እንዴ?» አለች ወንጌላዊት። «እኔ እኮ እየዘመሩልኝ መስሎኝ ነው የተረጋጋሁት።»

«ተረጋግተሽ ነበር? እግዜር ይስጥልኝ። አንቺ ስትነጂማ ከዚያ ቀን በፊት ደርሼበት የማላውቀው ድምፅ ላይ ደርሻለሁ።»

ሚክያስ ማሽኑ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ፍራኦል ለአራቱ ጓደኞቹ ሲተረጉምላቸው ሳቁ ዞሮ እንደገና መጣ። ቪዮላ ተጫዋቹ ዕንባውን በክንዱ ጠረገ። ጋሼ ሰረቀ ራሳቸው ምን እንደሚያስቅ ባይገባቸውም ደስ አላቸው።

ወንጌላዊት ግን ስክሪኑን እያየች ነበር። ዓይኗን ጨፍና የሠራችውን ትዕይንት አሁን ገልጣ አየችው። ጋሼ ፊታቸው እንደ አምባሳደር የተረጋጋ ነው፤ ቀኝ እጃቸው ግን የበሩን መያዣ ጨብጦ አንጓው ነጥቷል። እሷ ድምፃቸው ሲወጣ ደስታ መስሏት ነበር፤ ቫዮሊኖቹን በሙሉ ክንፍ ያደረገቻቸው ለዚያ ነው። ለካ ከስሩ ያለው ሌላ ኖሯል፤ ለሰው ሲባል በጨዋነት የተደበቀ ፍርሃት። ኖታው በትክክል ቢታተም ኖሮ ሙዚቃው ከሰውዬው ጋር ይገጥም ነበር፤ ስለ ሰውዬው ግን ይዋሽ ነበር።

«ፍራኦል» አለች፣ «ወረቀቱን አስቀምጠው። ቫዮሊኖቹ ይረፉ። አንተ ብቻ።»

«ያለ ወረቀት?» ፍራኦል ባሱኑን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «አይ ካንት። እኔ እንደ እናንተ አይደለሁም፤ የተጻፈውን ነው የምጫወተው። ጃዝ እንኳ አልችልም።»

«ጃዝ አይደለም። ዜማም አልጠየቅሁህም። ከጋሼ ስር አንድ ድምፅ ብቻ ያዝ፤ ሲወጡ ውጣ።»

«መቼ እንደሚወጡ በምን አውቃለሁ?»

ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠች። ሰባኪ ድምፁን ከማንሣቱ በፊት ትከሻው ይነሣል። ይህን ያስተማራት የለም፤ ከመድረክ ጥግ ሆና የሰው ጀርባ ስታይ ያገኘችው ነው። «አፋቸውን አትይ፤ ጆሮህንም አትጠብቅ፤ ጆሮ ይዘገያል» አለችው። «ስክሪኑ ላይ የግራ ትከሻቸውን እይ። ትከሻቸው ሲነሣ አንተም ትንፋሽህን ውሰድ። ከዚያ ወዲያ አብራችሁ ናችሁ።»

«እኔ ትከሻዬን አነሣለሁ እንዴ?» አሉ ጋሼ ሰረቀ ከኋላ።

«ዝም ይበሉ ጋሼ፣ እየተቀዳ ነው።»

የመጀመሪያው ሙከራ ዘገየ፤ ፍራኦል ትከሻውን አይቶ ካሰበበት በኋላ ነበር የሚነፋው። ሁለተኛው አማረ፤ ግን ባቡር አለፈና ግድግዳው አብሮ አጉረመረመ። ሦስተኛውም አማረ፤ ነገር ግን ሚክያስ እጁን አነሣ።

«ጋሼ፣ ሁለት ሆነዋል።»

«ምን ሆንኩ?»

«ስክሪኑ ላይ ያሉት ሲያንጎራጉሩ እርስዎም እዚህ እያንጎራጎሩ ነው።»

«ልጅቷ ልትገባ ነዋ» አሉ ጋሼ ሰረቀ። «ከኋላ ያለውን ጭነት መኪና አታየውም?»

ውጭ እንዲጠብቁ ተደረገ። በመስኮቱ ግን ያያሉ።

በአራተኛው ፍራኦል ማሰብ አቆመ። ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ፣ የጋሼ ትከሻ ሲነሣ ደረቱ አብሮ እየተነሣ፣ ወፍራሙን ድምፅ ከማንጎራጎሩ ስር አስገባ። ጋሼ የሚቆሙት ኪቦርድ ላይ በማይገኙ ቦታዎች፣ በቁልፍና በቁልፍ መሃል ነበር፤ የባሱኑም ድምፅ በከንፈር ስለሚታጠፍ እዚያው ሄዶ አገኛቸው። ወንጌላዊት ሁለት ወር ሙሉ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ስትዘል የኖረችበትን መንገድ እሱ ተንሸራቶ ወጣው። መኪናዋ በሁለት ጭነት መኪናዎች መካከል ስትሾልክ የፍራኦል ትንፋሽ አለቀ፤ ቸኩሎ ሲስብ ማይክራፎኑ ያዘው። የትንፋሹ ድምፅ ጋሼ ራሳቸው የደነገጡ አስመሰለው። ከቅጂው የሚቆረጥ አልነበረም።

ቼሎ ተጫዋቿ ቀስትዋን አንሥታ ወንጌላዊትን በዓይኗ ጠየቀቻት። መኪናዋ ከገባች በኋላ ጋሼ ማንጎራጎር ያቆማሉ፤ ፍርሃቱ አልቋል። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ የትም ቢሆን የሚጋጨው ሰው የለም። ወንጌላዊት እጇን ወደ ላይ ይዛ ጠበቀች፤ ጋሼ ዝም ሲሉ ወደ ታች አወረደችው። አራቱም የወረቀታቸውን መጨረሻ፣ ያንን ሰፊውን፣ ጣቶቿ በለመዱት ሰፈር ሆነው ተጫወቱት። ባሱኑ ከወጣበት ከፍታ ቀስ እያለ ወርዶ ተቀላቀላቸው። እስካሁን ሥራውን ሁሉ ያበላሸው ርቀት፣ ሰው ትከሻውን ጥሎ ሲተነፍስ የሚሰማው እፎይታ ሆነ።

ቀስቶቹ ከቆሙ በኋላ ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ሚክያስ ጣቱን ከማሽኑ ላይ እስኪያነሣ።

«አገኘነው» አለ።

«ፕሊስ ድጋሚ እንዳትይኝ» አለ ፍራኦል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፤ ፈገግታው ግን ከጆሮ እስከ ጆሮ ነበር። ጋሼ ሰረቀ በሩን ከፍተው ገቡና «ገባች?» ብለው ጠየቁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊልሙ ኦክላንድ ታየ። አዳራሹ ሞልቶ ወንበር ያጡ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፤ አብዛኞቹ የጋሼ ተማሪዎች ነበሩ። ወንጌላዊት መሃል ላይ ተቀመጠች። ሰው ተሰብስቦ ሙዚቃዋን ሲሰማ እጆቿ ሥራ ፈትተው ጭኗ ላይ የተቀመጡት ያን ቀን ብቻ ነው። ፍሪዌዩ ሲደርስ ማንጎራጎሩ ጀመረ፤ ከስሩም ባሱኑ። ከፊት ያለች አንዲት ሴት ቀስ ብላ ሳቀች፤ ሌላው ተከተላት፤ ባሱኑ በወጣ ቁጥር ሳቁ ከረድፍ ወደ ረድፍ እየተላለፈ አዳራሹን ሞላው። ግማሹ ሰው የራሱን የመጀመሪያ ቀን እያስታወሰ ነበር። የጋሼን አንጓ ያዩት ደግሞ እየሳቁ የጎረቤታቸውን ክንድ ያዙ። ጭነት መኪናዎቹ ጋ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አለ፤ በዝምታው ውስጥ የፍራኦል ትንፋሽ ተሰማ።

ሚክያስ ወደ ሚስቱ ዞሮ ዓይኗን እንደጨፈነች ሊያያት ጠበቀ። ወንጌላዊት ዓይኗን ገልጣ፣ ስክሪኑን ሳይሆን ሰዉን እያየች ነበር።